የአንቷን ዳባዲ የሕይወት ታሪክ

ከዚህ ቀጥሎ የቀረበው ምንባብ የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ነው። የሕይወት ታሪክ ሲጻፍ የትውልድንና የሞትን ዘመን በተርታ መዘርዘር ብቻ አይበቃም። ባለታሪኩ ምን እንደ ፈለገ፣ ምን እንዳሰናከለው፣ ምን እንደ ተሳካለትና በምን እንደ ተሳሳተ ለአንባቢው ግልጽ ሆኖ መታየት አለበት። ምንባቡን ስታነቡ ጸሐፊው ይህን እንዴት አድርጎ እንዳቀረበው ልብ በሉ። በምንባቡ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ምንባብ

በጥቅምት ወር፣ የክረምቱ ጭጋግ ከተገፈፈ በኋላ፣ በምዕራብ ጎጃም ከሚገኙት ከፍተኛ ኮረብታዎች በአንዱ ላይ ወጥቶ ዙሪያውን የሚመለከት ሰው ብዙ ነገር ያያል። በስተምሥራቅ የጮቄ ተራሮች ሰማያዊ ሆነው ይታያሉ። በስተደቡብ ምድሩ እየተቆረጠ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ ከበረሃው ማዶ የወለጋ ደጋ ይነሣል። ተመልካቹ እረኛም ሆነ ተማሪ አንድ ጥያቄ ሊነሣበት ይችላል። ያ ተራራ ከዚህ ምን ያህል ይርቃል? ከፍታውስ ስንት ነው? በእግር ሳይሄዱ፣ ገመድም ሳይዘረጉ ይህን ማወቅ ይቻላልን? በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ አንድ ሰው ይህንኑ ጥያቄ ይዞ በአገራችን ደጋና ቆላ ከተራራ ወደ ተራራ ሲዘዋወር ዓመታት አሳልፏል። ይህ ሰው አንቷን ዳባዲ ይባላል።

አንቷን ዳባዲ በጥር ወር 1810 በአየርላንድ ከተማ በደብሊን ተወለደ። አባቱ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ከሚኖረው ከባስክ ሕዝብ የተወለደ ሲሆን እናቱ አየርላንዳዊት ነበረች። አርኖ የሚባለው ታናሽ ወንድሙም በ1815 በዚያው ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ ወደ ፈረንሳይ አገር ከተመለሰ በኋላ አንቷን በቱሉዝና በፓሪስ ትምህርቱን ተከታተለ። ሕግም ተምሯል፤ ይሁን እንጂ ልቡ ያዘነበለው ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ፣ በተለይም ወደ ሥነ ፈለክና ወደ ምድር ልኬታ ነበር።

የመጀመሪያውን የምርምር ጉዞ ያደረገው ወደ ብራዚል ነው። በ1836 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ የመግነጢስን መርፌ ጠባይ እንዲያጠና ወደዚያ ላከው። የኮምፓስ መርፌ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያመለክት ይመስላል። ነገር ግን በጥንቃቄ ለሚከታተለው ሰው መርፌው በየቀኑ ጥቂት ወዲያና ወዲህ ሲል ይታያል። ዳባዲ ኦሊንዳ በምትባለው ከተማ ተቀምጦ ይህን ጥቃቅን እንቅስቃሴ መዘገበ። ከዚህ ሥራ ያገኘው ዋናው ትምህርት አንድ መሣሪያ የሚሰጠውን ቁጥር ከመቀበል በፊት የመሣሪያውን ጠባይ መመርመር እንደሚያስፈልግ ነው። ይህ ትምህርት እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ ድረስ አልተለየውም።

በየካቲት ወር 1838 ሁለቱ ወንድማማቾች በምፅዋ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። ከዚያም በትግራይ አድርገው ጎንደር ደረሱ። አንቷን በመንገዱ ላይ እንደ ተመለከተው በዚያን ጊዜ በአውሮፓ ይታተሙ የነበሩት የኢትዮጵያ ካርታዎች ጉድለት የበዛባቸው ነበሩ። ይዟቸው የመጣው መሣሪያዎች ደግሞ ጉድለቱን ለማረም የሚበቁ አልነበሩም። ስለዚህ ወንድሙን በኢትዮጵያ ትቶ የተሻሉ መሣሪያዎችን ለማምጣት ወደ ፈረንሳይ ተመለሰ። በ1840 ዳግመኛ ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ ሲመጣ ግን የዓይን ሕመም አገኘው። ለሥራው ሁሉ ከመሣሪያው ይበልጥ የሚያስፈልገው ዓይኑ በመታመሙ ብዙ ጊዜ ባከነበት። ወደ ጎንደር ተመልሶ ሥራውን በሙሉ ኃይሉ የቀጠለው በ1842 ነው።

አርኖ በዚህ መካከል ወደ ጎጃም ተሻግሮ ጎጃምን፣ ዳሞትንና አገው ምድርን ያስተዳድሩ ከነበሩት ከደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ጋር ተወዳጅቶ ነበር። እርሱ የጦር ሰው ጠባይ ስለ ነበረው ከደጃዝማቹ ሠራዊት ጋር ይዘምት ነበር። አንቷን ግን የአገሩን ልብስ ለብሶ፣ የአገሩን ቋንቋ እየተማረ፣ ከሊቃውንትና ከነጋዴዎች ጋር መዋልን መረጠ። በባሶ፣ ማለት በየጁቤ አጠገብ ይቆም የነበረው ታላቅ ገበያ ከዓባይ ማዶ የሚመጡ ነጋዴዎች የሚገናኙበት ስፍራ ነበር። የቡናው፣ የዝሆን ጥርሱና የወርቁ ንግድ ሁሉ በዚያ በኩል ያልፍ ነበር። የዓባይን ወዲያ ማዶ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው መነሻው ጎጃም መሆን ነበረበት።

አሁን ዳባዲ ሥራውን እንዴት ይሠራ እንደ ነበር እንመልከት። ዋናው መሣሪያው ቴዎዶላይት ነው። ቴዎዶላይት በሦስት እግር ላይ የሚቆም፣ በትንሽ የርቀት መነጽር የሚታይበትና በዲግሪ የተከፋፈለ ክብ ያለው የማዕዘን መለኪያ ነው። በሁለት ኮረብታዎች መካከል ያለው ርቀት የታወቀ እንደ ሆነ፣ ከአንደኛውም ከሁለተኛውም ኮረብታ ላይ ወደ ሦስተኛው ተራራ ያለው ማዕዘን ይለካል። በዚህ ጊዜ አንድ ጎኑና ሁለት ማዕዘኖቹ የታወቁ ሦስት ማዕዘን ይገኛል፤ የቀሩት ሁለት ጎኖችም በሒሳብ ይወጣሉ። ሦስተኛው ተራራ በተራው ለአራተኛው መነሻ ይሆናል። በዚህ ዓይነት ሰንሰለቱ ከቀይ ባሕር ጠረፍ እስከ ከፋ ድረስ ሊቀጠል ይችላል።

ነገሩ በወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ነው። በሥራ ላይ ግን እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ የሆነ ስሕተት ነበረው። ሰዓትን ለምሳሌ እንውሰድ። ምድር በአራት ደቂቃ አንድ ዲግሪ ስለምትዞር የአንድ ቦታ የምሥራቅና የምዕራብ አቀማመጥ በትክክለኛ ሰዓት ሊታወቅ ይችላል። ሆኖም በበቅሎ ጀርባ እየተንገጫገጨ የሚሄድ ሰዓት ፍጥነቱ ይለዋወጣል። በጎጃም ኬክሮስ ላይ የአንድ ደቂቃ ስሕተት ቦታውን ወደ 27 ኪሎ ሜትር ያህል ያዛውረዋል። ይህም ማለት አንድን ከተማ አንሥቶ ከሌላ ወረዳ ውስጥ እንደ ማስቀመጥ ነው። ኮምፓስም ቢሆን የብረት ማዕድን በሚበዛባቸው ጥቁር ድንጋዮች አጠገብ አቅጣጫውን ይስታል። ስለዚህ ዳባዲ በሰዓቱና በኮምፓሱ ላይ ብቻ አልተመካም። ኬክሮስን ከፀሐይና ከከዋክብት ከፍታ ያገኝ ነበር፤ የቀረውን ግን ከተራራ ወደ ተራራ በሚለኩ ማዕዘኖች እንዲያያዝ አደረገ። ተራራ እንደ ሰዓት አይፈጥንም፣ አይዘገይምም።

ከፍታን ለማወቅ ደግሞ ውኃ ያፈላ ነበር። ውኃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ወደ ላይ በወጣን መጠን የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ በየ300 ሜትሩ ከፍታ የመፍያው ሙቀት በአንድ ዲግሪ ያህል ዝቅ ይላል። በፍኖተ ሰላም ከተማ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው በጮቄ ተራራ ጫፍ ላይ ወደ 87 ዲግሪ ይወርዳል። ለመጓጓዝ አስቸጋሪ ከሆነው ከረጅሙ የሜርኩሪ ባሮሜትር ይልቅ ትንሽ ቴርሞሜትርና ትንሽ ማፍያ ይበልጥ ይመቻሉ። ነገር ግን ቴርሞሜትሩ በዲግሪ አንድ ዐሥረኛ ቢሳሳት ከፍታው በ30 ሜትር ያህል ይዛባል። በመሆኑም የሚለካው ሰው ከተራራው አስቀድሞ ቴርሞሜትሩን መለካት ነበረበት።

ከመሣሪያ ስሕተት ሌላ የሰውም ችግር ነበር። አንድ ተራራ ከጎንደር በኩል ሲታይ ሹል፣ ከጎጃም በኩል ሲታይ ሰፊ ሊሆን ይችላል። ስሙም እንደ መንደሩ ይለያያል። ዳባዲ ይህን ችግር ለማቃለል ከቆመበት ጉብታ ላይ ዙሪያውን የሚታዩትን ተራሮች ቅርጽ በወረቀት ይነድፍ ነበር። የእያንዳንዱን ጫፍ ማዕዘን ከጻፈ በኋላ የአገሩን ሰዎች ስሙን ይጠይቃል። ወደ ሌላ ጉብታ ሲሻገርም ያንኑ ተራራ በንድፉ እየተመራ ይፈልገዋል። ከአንድ ቦታ የተገኘው ውጤት ከሌላው ጋር ካልተስማማ ስሕተቱ ከመሣሪያው፣ ከዓይኑ ወይም ከስሙ መሆኑን አንድ በአንድ እያጣራ ይመረምር ነበር።

በ1843 ዳባዲ ከጎጃም ተነሥቶ ዓባይን ተሻገረና በጉድሩ በኩል ወደ እናርያ ሄደ። የእናርያ ንጉሥ የነበሩት አባ ባጊቦ ተቀበሉት። ንጉሡ ከከፋ ንጉሥ ቤተሰብ ሙሽራ ለማምጣት መልእክተኞች በላኩ ጊዜም ዳባዲ ከሠርገኞቹ ጋር አብሮ እስከ ቦንጋ ለመሄድ ቻለ። በከፋ የቆየው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነበር። ይሁን እንጂ ለአውሮፓ የምድር ሊቃውንት በወሬ ብቻ የሚታወቀውን አገር በዓይኑ አይቶ ተመለሰ።

የዳባዲ ታላቁ ስሕተት የተፈጠረውም በዚሁ በደቡብ ምዕራብ ነው። በዚያን ዘመን በአውሮፓ ሊቃውንት ዘንድ እጅግ የሚያከራክረው ጥያቄ የነጭ ዓባይ ምንጭ የት ነው የሚለው ነበር። የጥቁር ዓባይ ምንጭ በጎጃም ሰከላ ውስጥ ግሽ ዓባይ እንደ ሆነ ያገራችን ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። ነጭ ዓባይ ግን ከየት እንደሚነሣ በአውሮፓ አልታወቀም ነበር። ዳባዲ የግቤን ወንዝ ታላቅነት ተመለከተ፤ የነጋዴዎችንም ቃል ሰማ። በመጨረሻም ግቤና ኦሞ ዞረው ከነጭ ዓባይ ጋር የሚገናኙ ናቸው ብሎ አመነ። በጥር 19 ቀን 1846 ሁለቱ ወንድማማቾች በግቤ ምንጭ አጠገብ የፈረንሳይን ባንዲራ ተክለው የነጭ ዓባይን ምንጭ አገኘን ሲሉ ተደሰቱ።

ግቤ ግን ወደ ነጭ ዓባይ አይሄድም። ግቤ ከኦሞ ጋር ሆኖ ወደ ደቡብ ይወርድና ቱርካና ከሚባለው ሐይቅ ይገባል። ዳባዲ ምንጩን በጥንቃቄ ለካ፤ የወንዙን መጨረሻ ግን አላየም። በማዕዘኖቹ ላይ ያደርገው የነበረውን ምርመራ በራሱ አሳብ ላይ አላደረገም። ቴርሞሜትሩን የሚጠራጠር ሰው አሳቡን ሳይጠራጠር ቀረ። እንግሊዛዊው ስፒክ በ1858 ቪክቶሪያ ሐይቅን ካየና በ1862 ነጭ ዓባይ ከዚያ ሲወጣ ከተመለከተ በኋላ እንኳ ዳባዲ እምነቱን በቀላሉ አልለቀቀም።

ዳባዲ በ1848 ኢትዮጵያን ለቅቆ ወደ አገሩ ተመለሰ። በ1850 የፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር ለሁለቱም ወንድማማቾች የወርቅ ሜዳሊያ ሰጣቸው። ደስታቸው ግን ብዙም ሳይቆይ ክርክር ተነሣ። ከ1841 እስከ 1843 በጎጃም የተቀመጠውና አገሩን ያጠናው እንግሊዛዊ ቻርልስ ቢክ ዳባዲ ወደ ከፋ ፈጽሞ አልሄደም የሚል ጽሑፍ አሳተመ። ቢክ ከዚያው ማኅበር ቀደም ሲል የተቀበለውን ሜዳሊያ እስከ መመለስ ደረሰ። ለአንድ ተመራማሪ ተሳስተሃል ከመባል ይልቅ ዋሽተሃል መባል የከፋ ነው። ተሳስቷል የተባለ ሰው ሊታረም ይችላል፤ ዋሽቷል የተባለ ሰው ግን የቀረው ሥራው ሁሉ አብሮት ይወድቃል።

ዳባዲ ክሱን የመለሰው በሥራው ነው። በኢትዮጵያ የለካቸውን ማዕዘኖች፣ ያፈላቸውን ውኃዎች ሙቀትና የከዋክብቱን ከፍታ ሁሉ ሩዶልፍ ራዶ ከሚባል የሒሳብ ሊቅ ጋር ሆኖ አሰላ። የኢትዮጵያ የምድር ልኬታ የሚለውንም መጽሐፍ ከ1860 እስከ 1873 ድረስ ከካርታዎች ጋር አሳተመ። መጽሐፉ የመጨረሻውን ውጤት ብቻ የያዘ አልነበረም። ውጤቱ የተገኘበትን ጥሬ ቁጥር ጭምር ስለ ያዘ ማንም የሚጠራጠር ሰው ሒሳቡን እንደ ገና አስልቶ ሊፈትሸው ይችል ነበር። በውሸት የተፈጠረ ማዕዘን ከሌሎቹ ማዕዘኖች ጋር ሊገጥም አይችልም። ዳባዲ ወደ ከፋ መሄዱም ከጊዜ በኋላ ተቀባይነት አገኘ። ስለ ነጭ ዓባይ የነበረው አሳብ ግን ወደቀ። እርሱ ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ የቦተጎ ጓድ ኦሞን እስከ ሐይቁ ተከትሎ ወርዶ መድረሻውን አረጋገጠ።

የዳባዲ ሥራ በምድር ልኬታ ብቻ የተወሰነ አይደለም። ከአገራችን የሰበሰባቸው የብራና መጻሕፍት 234 ሲሆኑ የእነርሱን ዝርዝር በ1859 አሳተመ። መጻሕፍቱ ዛሬ በፓሪስ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። በ1881 ደግሞ ወደ 15,000 የሚጠጉ ቃላትን የያዘ የአማርኛ መዝገበ ቃላት አወጣ። ተራሮችን ሲለካ ስማቸውን የጠየቀ ሰው ቃላቱንም አብሮ ሰብስቦ ነበር።

ወደ ፈረንሳይ ከተመለሰ በኋላም ሰማይን ከመመልከት አላቋረጠም። በ1851 ወደ ኖርዌይ፣ በ1860 ወደ ስፔን እየሄደ ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽን ተመለከተ። በ1867 የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነ። በ1882 ቬኑስ የምትባለው ፈለክ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ለመመልከት ወደ ሄይቲ የተላከውን የፈረንሳይ ጓድ መርቷል። በ1859 ሚስት ካገባ በኋላም ኦንዳይ በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ አጠገብ፣ በገደል አፋፍ ላይ፣ አባዲያ የተባለ ግንብ ማሠራት ጀመረ። ሥራው ከ1864 እስከ 1879 ቆየ። በግንቡ ግድግዳዎች ላይ የኢትዮጵያን ኑሮ የሚያሳዩ ሥዕሎችና በግዕዝ ፊደል የተቀረጹ ጽሑፎች እስከ ዛሬ ይታያሉ። የግንቡ አንዱ ክፍል የከዋክብት መመልከቻ ሆነ።

በዚህ መመልከቻ የተተከለው ዋና መሣሪያ በሰሜንና በደቡብ መሥመር ላይ ብቻ የሚንቀሳቀስ የርቀት መነጽር ነው። አንድ ኮከብ በመሥመሩ ላይ የሚያልፍበት ቅጽበትና ከፍታው ሲመዘገብ የኮከቡ ቦታ ይታወቃል። ሆኖም የመነጽሩ ተሸካሚ ዘንግ በፀጉር ያህል ቢያዘነብል ኮከቡ በካርታው ላይ ቦታውን ይለቅቃል። ስለዚህ ከተተከለ በኋላ የመሣሪያውን ስሕተት ማወቅ ከባድ ሥራ ሆነ። ለዚህ ከሚያገለግሉት ዘዴዎች አንዱ መነጽሩን ወደ ታች አዙሮ በሳሕን ውስጥ ያለ ሜርኩሪን መመልከት ነው። ሜርኩሪ ፈሳሽ ስለ ሆነ ፊቱ ፍጹም ጠፍጣፋ ይሆናል፤ እንደ መስተዋትም ያንጸባርቃል። የመነጽሩ ክሮች ምስላቸው ላይ በትክክል ከገጠሙ መነጽሩ ወደ ምድር መካከል ቀጥ ብሎ ያመለክታል ማለት ነው።

ዳባዲ በዚህ ጊዜ አንድ እንግዳ ነገር አስተዋለ። ምንም ነገር ሳይነካ የክሮቹ ምስል ከቀን ወደ ቀን ቦታውን ይለውጣል። አንዳንድ ጊዜም ያለ ምክንያት ይንቀጠቀጣል። ሌላ ሰው ቢሆን ጉድለቱን በመሣሪያው አሳብቦ ያልፈው ነበር። ዳባዲ ግን ችግሩን ለይቶ ለማጥናት ዐሥር ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ልዩ ጉድጓድ ከኮንክሪት አሠርቶ በታችኛው ጫፉ ሜርኩሪ አስቀመጠ። ምናልባት የባሕሩ ውኃ ሲሞላና ሲጎድል ምድሪቱን ያዘነብላት ይሆናል ብሎም አሰበ። ይህን አሳብ ለመፈተን 359 ጊዜ አስተያየ። በ243ቱ ምስሉ እንደ ጠበቀው ወደ ባሕሩ በኩል አዘነበለ፤ በ57ቱ ወደ የትም አላዘነበለም፤ በ59ኙ ደግሞ በተቃራኒው ሆነ። ዳባዲ አሳቡን የሚደግፉትን ብቻ መርጦ አልጻፈም። የሚቃወሙትንም አብሮ ዘገበ። የግቤው ተጓዥ በእርጅናው አንድ ነገር ተምሯል ለማለት ይቻላል።

ከሁሉም የበለጠ የሚያስተምረው የግንቡ ቀዳዳ ታሪክ ነው። ዳባዲ ብርሃን በአየር ውስጥ ሲያልፍ ምን ያህል እንደሚታጠፍ ለማወቅ ፈልጎ የግንቡን ግድግዳዎች በአንድ ቀጥታ መሥመር አስፈለፈለ። በቀዳዳዎቹ በኩል ላ ሩን የሚባለው ሩቅ ተራራ ጫፉ እንዲታይ ታቅዶ ነበር። ግድግዳዎቹ ሁሉ ከተበሱና ሥራው ከተፈጸመ በኋላ ሲሞከር ግን ተራራው አልታየም። ብዙ ገንዘብና ድካም ባከነ። ዳባዲ ቀዳዳውን አስደፍኖ ውርደቱን ሊሰውር ይችል ነበር። ይህን አላደረገም። ይልቁንም ሳይታይ በመቅረቱ ምንም ትምህርት እንዳልተገኘበት የሚናገር አጭር ቃል በባስክ ቋንቋ በድንጋይ ላይ አስቀርጾ በዚያው አኖረው።

ዳባዲ በ1892 የሳይንስ አካዳሚው ፕሬዚዳንት ሆኖ አገለገለ። ልጆች ስላልነበሩት አባዲያን ለአካዳሚው አወረሰ። በውርሱም ላይ በ50 ዓመት ውስጥ የ500,000 ከዋክብት ዝርዝር እንዲዘጋጅ የሚል ግዴታ አኖረ። በመጋቢት ወር 1897 በ87 ዓመቱ በፓሪስ ሞተ፤ ሬሳውም በግንቡ ጸሎት ቤት ሥር ተቀበረ። መመልከቻው ከእርሱ በኋላ እስከ 1970ዎቹ ዓመታት ድረስ ሲሠራ ቆይቷል።

ዛሬ የሰማይ ምርምር መሣሪያዎች እጅግ ገዝፈዋል። ከከዋክብት የሚመጣውን የራዲዮ ሞገድ የሚቀበሉ ታላላቅ ሳሕኖች ተሠርተዋል። በቻይና አገር የሚገኘውና ፋስት የሚባለው የራዲዮ ቴሌስኮፕ ስፋቱ 500 ሜትር ነው። ግንባታው በ2016 ቢያልቅም ሙሉ አገልግሎቱን የጀመረው በ2020 ነበር። በመካከሉ ያለው ጊዜ ያለፈው መሣሪያውን በመፈተንና ጉድለቱን በማረም ነው። እንዲህ ያለው ሳሕን በክብደቱ ይጎብጣል፤ በፀሐይ ሙቀት ይለጠጣል። መሐንዲሶቹም ቦታው አስቀድሞ ወደ ታወቀ የሰማይ አካል እያዞሩት ምን ያህል እንደ ሳተ ይመዘግባሉ፤ የሳተውንም በሒሳብ ያርማሉ። በአገራችንም በእንጦጦ ተራራ ላይ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት የርቀት መነጽሮች ተተክለዋል። መሣሪያው ትንሽም ሆነ ግዙፍ ሥራው አንድ ነው። የሚያይ ሰው አስቀድሞ የሚያይበትን መመርመር አለበት።

የአንቷን ዳባዲ ሕይወት ሁለት ነገር ያስተምረናል። መሣሪያውን እየተጠራጠረ የለካቸው ተራሮች በስፍራቸው ጸኑ። አሳቡን ሳይጠራጠር የተናገረለት ወንዝ ግን ወደ ሌላ ሐይቅ ፈሰሰ።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት በጽሑፍ መልሱ።

1. ዳባዲ በብራዚል ከሠራው ሥራ ያገኘው ዋና ትምህርት ምንድን ነው?
2. ሰዓትና ኮምፓስ በጉዞ ላይ የሚሳሳቱበትን ምክንያት አስረዱ።
3. ዳባዲ ስለ ነጭ ዓባይ ምንጭ እንዴት ሊሳሳት ቻለ? ስሕተቱን በማዕዘን ልኬታ ላይ ከነበረው ጥንቃቄ ጋር አነጻጽሩ።
4. የኢትዮጵያን የምድር ልኬታ መጽሐፍ ማሳተሙ ለቢክ ክስ መልስ የሚሆነው እንዴት ነው?
5. ዳባዲ የግንቡን ቀዳዳ ታሪክ በድንጋይ ላይ ማስቀረጹ ስለ ጠባዩ ምን ያሳያል?

ለ. የሚከተሉትን ቃላት በምንባቡ ውስጥ ባላቸው ፍች መሠረት በዐረፍተ ነገር ውስጥ አግቡ።

ጠባይ፣ አጣራ፣ ተመካ፣ ባከነ፣ ጠረፍ፣ አፋፍ፣ ግዴታ፣ አስተዋለ

ሐ. ቀጥሎ የተሰጡትን ጥንድ ዐረፍተ ነገሮች ይሁን እንጂ፣ ስለዚህ፣ ይልቁንም ከሚሉት አያያዦች በሚስማማው አገናኙ። ካገናኛችሁ በኋላ የመረጣችሁበትን ምክንያት ለክፍል ጓደኞቻችሁ አስረዱ።

1. ይዟቸው የመጣው መሣሪያዎች አይበቁም ነበር። ወደ ፈረንሳይ ተመለሰ።
2. በከፋ የቆየው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነበር። አገሩን በዓይኑ አይቶ ተመለሰ።
3. ጉድለቱን አልሰወረም። በድንጋይ ላይ አስቀርጾ አኖረው።

መ. ድርሰት

በአካባቢያችሁ ከሚገኝ ጉብታ ላይ ወጥታችሁ በዙሪያው የሚታዩትን ተራሮችና ወንዞች ንደፉ። ስማቸውንም ከሁለት ሽማግሌዎች ለየብቻ ጠይቁ። ከዚያም ያያችሁትን፣ የሰማችሁትንና ሁለቱ የተለያዩበትን ነገር በሦስት አንቀጽ ጻፉ። ራሳችሁ አይታችሁ ያረጋገጣችሁትን ከሌላ ሰው ከሰማችሁት በግልጽ ለዩ።